የሐበሻ ደጋ በሙስሊም ጸሐፊዎች ብዕር፦ ከገለጻ እስከ ኒስባ

በአዲስ አበባ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወዲህና ወዲያ፣ ከአራዳ እስከ መርካቶ ባለው ሰፈር የሚኖረው ሙስሊም አገሩን ሲጠየቅ የተወለደበትን ሰፈር እምብዛም አይጠራም። እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው ቁርኣን ቀርቶ፣ እዚያው ሱቅ ከፍቶ ያረጀ ሰው እንኳ «ወሎ ነኝ»፣ «ስልጤ ነኝ»፣ «አርጎባ ነኝ» ይላል። አገር በእርሱ አነጋገር አባቱ ወይም አያቱ ትቶት የመጣው ከፍተኛ ምድር ነው። ከልጆቹ ብዙዎቹ ያንን ምድር በዓይናቸው አይተውት አያውቁም፤ የሚያውቁት ከወላጆቻቸው አንደበት፣ ከመንዙማና ከመድረሳ መምህራቸው ነው። እንግዲህ መምህሩ ስለዚያ ደጋ ምን ያስተምራል? ከየትኛውስ መጽሐፍ ወስዶ?

የተለመደው ትምህርት ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ከሲራ የሚወሰደው ነው፤ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በመካ የሚሠቃዩትን ባልደረቦቻቸውን ወደ ሐበሻ የላኩበት፣ እ.ኤ.አ. በ615 የተጀመረው ሂጅራ። ሁለተኛው ክፍል በዚያ ላይ የሚቀጠለው ነው፦ የዐረብ ጸሐፊዎች የአገራችንን ልምላሜ፣ የአየሯን ጥራት፣ የተራሮቿን ግርማ አይተው መስክረውላታል የሚለው። የመጀመሪያው ክፍል ጽኑ መሠረት አለው። ሁለተኛው ግን መጻሕፍቱ ሳይገለጡ ከአንደበት ወደ አንደበት የተላለፈ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የምሟገተውም ከእርሱ ጋር ነው። መጻሕፍቱን በየዘመናቸው በተራ ስናነባቸው የምናገኘው ሌላ ነገር ነው። ከውጭ የተመለከቱት ጸሐፊዎች ደጋውን የገለጹት ከእርሱ በሚፈልጉት ነገር ልክ ነው። ከልብ የወደዱት የአገሩ ዑለሞች ደግሞ ከቶ አልገለጹትም ማለት ይቻላል፤ ስሙን ወስደው የራሳቸው ስም አደረጉት።

ለዚህ ንባብ የሚሆን ሚዛን በሐዲስ መጻሕፍት ውስጥ አለ። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከጉዞ ሲመለሱ የኡሑድን ተራራ ባዩ ጊዜ፣ ተራራውና እነርሱ እርስ በርስ እንደሚዋደዱ ተናገሩ። ስለ ቁመቱ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ድንጋዩ የጨመሩት ነገር የለም። ኡሑድ አጎታቸው ሐምዛና ሰባ ያህል ባልደረቦቻቸው የተሰዉበት ስፍራ ነው። ፍቅሩ በመልክዓ ምድሩ ውበት ላይ የቆመ ቢሆን ኖሮ ከኡሑድ የሚያምሩ ተራሮች በሒጃዝ አይጠፉም ነበር።

ሁለተኛው ምስክር ቢላል (ረ.ዐ) ነው። መዲና በገቡበት ሰሞን አቡ በክርና ቢላል በንዳድ እንደታመሙ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ዘግበዋል። ቢላል ትኩሳቱ ሲለቀው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያዜማቸው የነበሩ ስንኞች የመካ ናፍቆት ናቸው። በውስጣቸው ያለው ምንድን ነው? በመካ ሸለቆ የሚበቅሉ የሁለት ሣሮች ስም፣ መጀነህ የሚባል የውሃ ስፍራ፣ ሻመህና ጦፊል የሚባሉ ሁለት ቦታዎች። ሸለቆው ሰፊ ነው ወይም ጠባብ፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነው ወይም ጣፋጭ አይልም። ይጠራል እንጂ አይገልጽም። በዐረብ ምድር ያደገው ይህ የሐበሻ ልጅ የናፈቀው ደጋ የወላጆቹን ሳይሆን ያደገበትን፣ የተሠቃየበትንም አገር መሆኑን መምህራን ልብ ሊሉት ይገባል፤ በአራዳ ተወልዶ «ወሎ ነኝ» ለሚለው ልጅ ነገሩ ተቃራኒ ሆኖ ይታያልና።

ወደ ሐበሻ እንመለስ። የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች በአገራችን ዓመታት ኖረዋል፤ አንዳንዶቹ እስከ ሰባተኛው ዓመተ ሂጅራ። ከእነርሱ የተላለፈው ዘገባ ግን ስለ ምድሩ አቀማመጥ ዝምተኛ ነው። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) በኢብን ኢስሓቅ ዘገባ ውስጥ ያመሰገኑት ጉርብትናውን ነው፤ በሃይማኖታቸው ሳይነኩ፣ ክፉ ቃል ሳይሰሙ መኖራቸውን። በዚያ ረጅም ዘገባ ውስጥ ምድሩ ብቅ የሚለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በነጃሺ ላይ ተቀናቃኝ በተነሣ ጊዜ ውጊያው የሚደረገው ዘገባው ናይል ብሎ ከሚጠራው ወንዝ ማዶ ነበር። ከሁሉም በዕድሜ የሚያንሰው ዙበይር ኢብኑል ዐዋም በነፋስ የተነፋ አቁማዳ ከደረቱ ሥር አድርጎ ወንዙን ዋኝቶ ተሻገረ፤ ወሬውንም ይዞ ተመለሰ። የሐበሻ ምድር በእስላማዊ ጽሑፍ ውስጥ የገባባት የመጀመሪያዋ ሥዕል ይህች ናት ለማለት እደፍራለሁ። ወንዙ የተጠቀሰው ውብ ስለሆነ አይደለም፤ በስደተኞቹና በዕጣ ፈንታቸው መካከል ስለተጋደመ ነው።

ከዚህ ጋር አጠገብ ለአጠገብ መነበብ ያለበት፣ በትምህርታችን ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለል ሌላ ዘገባ አለ። አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ከሐበሻ በተመለሱ ጊዜ ዑመር (ረ.ዐ) «በሂጅራ ቀድመናችኋል» ቢሏቸው ተቆጡ። ሌሎቹ ከነቢዩ ጎን ሆነው ሲመገቡና ሲመከሩ፣ እነርሱ ለአላህና ለመልእክተኛው ሲሉ በሩቅ፣ በባዕድና በማይወዳቸው ሕዝብ አገር መቆየታቸውን ተናገሩ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ለመርከበኞቹ ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው አጸኑላቸው። ዘገባው በቡኻሪና በሙስሊም የሚገኝ ነው። አንዳንድ መምህር ይህን ሲያነብ ያፍራል፤ አገሩ የተነቀፈ ይመስለዋል። ነገር ግን የኡሙ ሰለማና የአስማእ ቃል አይጣላም። አንደኛዋ ስለ ንጉሡ ፍትሕ፣ ሌላይቱ ስለ ስደት ሸክም ይናገራሉ። ሁለቱም ስለ ተራራና ስለ አየር አልተናገሩም። «የእውነት ምድር» የተባለውን ቃል የደጋው ውበት ምስክር አድርጎ የሚተረጉም ሰባኪ ከዘገባው የሌለበትን እየጨመረ ነው።

ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ ነገሩ ወደ መዝገብ ቤት ይገባል። ኢብን ፈድሉላህ አል-ዑመሪ (እ.ኤ.አ. 1301–1349) የማምሉክ መንግሥት የጽሕፈት ሹም ነበር። «መሳሊኩል አብሷር» በተባለው ታላቅ ሥራው ስለ ሐበሻ ሙስሊም ግዛቶች፣ ስለ ኢፋት፣ ዳዋሮ፣ አረባብኒ፣ ሐድያ፣ ሸርኻ፣ ባሌና ዳራ የጻፈውን ያገኘው ከሸኽ ዐብዱላህ አዝ-ዘይለዒ ነው። አገሩን አላየውም። የነገረውም ሰው ኒስባው ከጠረፉ ከተማ ከዘይላ ነው። ከዚህ የተነሣ የዑመሪ ደጋ በቀን ጉዞ የሚለካ ደጋ ነው፤ ኢፋት በርዝመቱ የ15 ቀን፣ በወርዱ የ20 ቀን መንገድ ተብሎ ተመዝግቧል። ቀጥሎ ፈረሰኛውና እግረኛው ይቆጠራል፤ ገንዘቡ፣ እህሉ፣ ፍራፍሬው፣ ከብቱ ይዘረዘራል።

ይሁን እንጂ ዑመሪን ደረቅ ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። ከገጾቹ መካከል የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል «ጣፊ» የምትባል እህል አለች። ጤፍን በዐረብኛ ፊደል ተጽፋ ማየት ለአንድ የወሎ ወይም የሸዋ አንባቢ ከማናቸውም የተራራ ሥዕል ይልቅ ልብ የሚነካ ነው። ጫትንም ጠቅሷል፤ እንቅልፍንና ምግብን እንደሚቀንስ፣ አእምሮን እንደሚያነቃ ይነገራል ብሎ። (የጫትን ፍርድ በተመለከተ የኋለኞቹ ፉቀሃዎች፣ ከእነርሱም ኢብን ሐጀር አል-ሀይተሚ፣ የጻፉትን የሚያውቁ አንባብያን ይህ ጥቅስ ሁለት መቶ ዓመት ያህል እንደሚቀድማቸው ያስተውላሉ።) ጸሐፊው ምስጋና አላቀረበም፤ ለቢሮው የሚጠቅም መረጃ ነው ያሰባሰበው። ከመረጃው ውስጥ ግን የአገሩ ሰው ቤቱን ያገኛል። ስለዚህ ዑመሪን በክፍል ውስጥ ሳስተምር «ዐረቦች አደነቁን» ለማለት አላነበውም፤ ጤፍ የምትበላባትን ማለዳ ለማየት አነበዋለሁ።

አል-መቅሪዚ በ839 ዓ.ሂ. በመካ ሳለ ያዘጋጀው «አል-ኢልማም» የመልክዓ ምድሩን ነገር ባብዛኛው ከዑመሪ የወሰደ ነው። የእርሱ ጭንቀት የኢፋት ወለስማዕ ነገሥታት ታሪክና ጦርነታቸው ነው። ደጋው በእርሱ መጽሐፍ ውስጥ ከበስተጀርባ ቀርቷል፤ ለያዝነው ጉዳይ ብዙ አይጨምርም።

ምድሩን በእግሩ የረገጠ ጸሐፊ የምናገኘው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። ሺሃቡዲን አሕመድ፣ ዐረብ ፈቂህ በሚል የሚታወቀው፣ «ፉቱሑል ሐበሻ»ን የጻፈው የኢማም አሕመድ ኢብራሂምን ዘመቻ ተከትሎ ነው። ይህን መጽሐፍ በኢትዮጵያ ማንበብ ቀላል አይደለም። ለአንዱ የድል መዝገብ፣ ለሌላው የቃጠሎና የሐዘን መዝገብ ነው፤ መምህር የሆነ ሰው ሁለቱንም ልብ ሊጠብቅ ግዴታ አለበት። እዚህ ላይ የምጠይቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ዓይን ደጋውን እንዴት አየው?

እንደ በርና እንደ መቀርቀሪያ አየው። ከ1529ቱ የሽምብራ ኩሬ ውጊያ በኋላ ሠራዊቱ ወደ ሰሜን ሲወጣ መጽሐፉ በመተላለፊያዎች፣ በገደሎች፣ በአምባዎች ይሞላል። አንድ ተራራ የሚገለጸው በስንት በር እንደሚወጣና ማን እንደሚጠብቀው ነው። የሐይቅ ውሃ የሚታየው በደሴቱ ወዳለው ገዳም ለመድረስ ተንሳፋፊ የእንጨት ርብራብ መሠራት ስላለበት ነው። አምባ ግሸን የነገሥታቱ ልጆች የሚጠበቁበት በመሆኑ በመጽሐፉ ውስጥ ከባድ ስፍራ ይዟል፤ ጸሐፊው ግን ከሥሩ ሆኖ ወደ ላይ ነው የሚያየው፤ ገደሉ ይታየዋል፣ አናቱ አይታየውም። አቀማመጡን በእንዲህ ያለ ጥንቃቄ የጻፈ ሌላ የዘመኑ ዐረባዊ ጸሐፊ አላውቅም። ጥንቃቄው ግን የፍቅር ሳይሆን የስጋት ነው። ጥሩ ገለጻ ሁሉ ከፍቅር ይመነጫል ብለን የምናስብ ከሆነ ዐረብ ፈቂህ ያርመናል።

የዚሁ አምባ ሌላ ዕጣ ለንጽጽር ይጠቅማል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ ቆይቶ ስለ መሳፍንቱ ተራራ የጻፈው በአውሮፓ ተሠራጨ። ወሬው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተራራው እየለመለመ ሄደ። በመጨረሻም በ1759 ሳሙኤል ጆንሰን፣ ኢትዮጵያን ረግጦ የማያውቀው እንግሊዛዊ፣ የራሴላስን የተድላ ሸለቆ ጻፈ። አንዱን አምባ አንዱ የብረት በር፣ ሌላው የምድር ገነት አደረገው። የቀረበው ጥብቀቱን ጻፈ፤ የራቀው ውበቱን ፈጠረ።

አንድ መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ የመጣው አል-ሐሰን ኢብን አሕመድ አል-ሐይሚ ከሁሉም ይልቅ ስሜቱን የማይደብቅ ጸሐፊ ነው። የየመኑ ኢማም አል-ሙተወኪል ኢስማዒል ወደ ዐፄ ፋሲለደስ የላከው መልእክተኛ ሆኖ በ1648 ጎንደር ገባ። የተላከው ንጉሡ ወደ እስልምና ያዘነበለ መስሏቸው ነበር፤ ሲደርስ ግን የንጉሡ ሐሳብ በበይሉል ወደብ በኩል ስለሚከፈት መንገድ ሆኖ አገኘው። ከየመን ደጋ የመጣ ሰው ነው፤ ተራራ አዲስ አይሆንበትም። ሆኖም የሐበሻ ተራራ በእርሱ መጽሐፍ ድካም፣ ዝናብ፣ የስንቅ ማለቅ፣ የሽፍታ ፍርሃት ነው። ጎንደር ሲደርስ ያደነቀው አንድ ነገር የንጉሡን ግንብ ነው፤ በድንጋይና በኖራ የተሠራ፣ ሠሪውም ሕንዳዊ የሆነ። የቀረው ከተማ በዓይኑ የሣር ጎጆ ነው።

በሐይሚ ላይ የምሰጠው ፍርድ ጠንከር ያለ ነው። በአገሩ ደጋ ላይ የድንጋይ ቤት የለመደ ዓይን የሣር ክዳንን ድህነት ብሎ አነበበው፤ ዝናብ በሚበዛበት ደጋ የሣር ክዳን ያለውን ብልሃት አልጠየቀም። ከሁሉ በላይ ግን መልእክቱ ባለመሳካቱ ያዘነ ሰው ነው፤ ያዘነ መልእክተኛ የወጣው ዳገት ሁሉ ይረዝማል። መጽሐፉን ስለ ዳገቱ የሚያነብ ሰው ስለ ሐዘኑ እያነበበ መሆኑን አይርሳ።

ከዚህ በኋላ ወደ ከተማችን እንደርሳለን። ሳዲቅ አል-ሙአየድ አል-ዐዝም ከደማስቆ የታወቀ ቤተሰብ የተወለደ፣ የሱልጣን ዐብዱልሐሚድ 2ኛ የጦር መኮንን ነበር። በ1904 ወደ ዐፄ ምኒልክ ተልኮ መጣ፤ እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ። የጉዞ ማስታወሻው በኦቶማን ቱርክኛ ታተመ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወደ ዐረብኛ ተተረጎመ። ይህ ሰው ቀደም ሲል ወደ ሰሐራ በረሃ ተልኮ ስለዚያም መጽሐፍ ጽፏል። ስለዚህ ሐበሻን የሚያይበት ዓይን የበረሃ መንገደኛ ዓይን ነው፤ ውሃና ጥላ በቀላሉ የሚገኙበት አገር ለእርሱ አስቀድሞ የተመሰገነ ነው። እስካሁን ካነሣናቸው ከውጭ የመጡ ጸሐፊዎች መካከል በደጋው የመደሰት ጊዜ ያገኘው እርሱ ነው፤ ጦር አላስከተለም፣ የተስፋ መቁረጥ ሸክምም አልነበረበትም።

የመጣባት አዲስ አበባ ዛሬ የምናውቃት አይደለችም። ታላቁ ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር፤ ወደ ዛሬው መርካቶ የተዛወረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ሙስሊም ነጋዴው፣ የሐረሩ፣ የወሎው፣ የየመኑ፣ የሕንዱ፣ የሚገናኘው በዚያ አራዳ ነበር። የጦር ሚኒስትሩን የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን ስም በያዘው ድልድይ አካባቢ ቆሞ ወደ ሰሜን የሚመለከት የዛሬ ሰው የሚያየው አረንጓዴ የእንጦጦ ገጽ በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን የሚናገር፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ የገባ ዛፍ። በ1904 ገና ለጋ ነበር። ይህን የምጠቅሰው «ጥንታዊ» ብለን የምንወደው የደጋ መልክ ምን ያህል አዲስ ሊሆን እንደሚችል ለማሳየት ነው። ዛፉ መቶ ሠላሳ ዓመት ያህል ነው፤ ፍቅሩ ግን ቀድሞ የነበረ ይመስላል። ገለጻ ላይ የተመሠረተ ፍቅር ዛፉ ሲቀየር አብሮ ይቀየራል፤ ስም ላይ የተመሠረተው እንጦጦን እንጦጦ እያለ ይቀጥላል።

ወደ ዋናው ነገር የሚወስደን ይህ የስም ነገር ነው። በካይሮ ታሪክ ጸሐፊው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825) የአባቱን የሐሰንን ሕይወት ሲጽፍ የጀበርትን ምድርና ሕዝብ ያነሣል፤ በዚያ ያሉት ሙስሊሞች ዛሂዶች እንደሆኑ፣ በእግራቸው ለሐጅ እንደሚወጡ፣ በአዝሀርም የራሳቸው ሪዋቅ እንዳላቸው። አባቶቹ ከዚያ የወጡት ከብዙ ትውልድ በፊት ነው፤ እርሱ አገሩን አላየም። ግን ስሙ ጀበርቲ ነው። የሐነፊ መዝሀብ ደረሳ ሁሉ የሚያውቀው የ«ነስቡር ራያ» ጸሐፊ (762 ዓ.ሂ. ያረፈው) አዝ-ዘይለዒም እንዲሁ። ዐረብኛ ከአገር ስም መጨረሻ ላይ አንዲት «ኢ» ጨምሮ ሰውን ከምድር ጋር ያጋባል። ኒስባ ይሉታል። ከዑመሪ ብዙ ገጾች ይልቅ ይህች አንዲት ፊደል ደጋውን ለትውልድ አቆይታለች ብል አላጋነንኩም።

የወሎ ዑለሞች የያዙት መንገድ ይኸው ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያረፉት ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ በጀማ ንጉሥ ይታወቃሉ፤ ሰይድ ቡሽራ (በ1863 ያረፉት) በገታ፤ ሸኽ አሕመድ አደም (በ1903 ያረፉት) በዳና፣ እንዲያውም «አድ-ዳኒ አል-አወል» ተብለው፤ ሸኽ ጀውሃር ሐይደር (በ1937 ያረፉት) በሾንኬ፣ በተራራ አናት ላይ በድንጋይ ቤቶች በተሠራችው መንደር። አማርኛው ደግሞ ከዐረብኛው የበለጠ አጥብቆ ይዞታል። «የሾንኬው»፣ «የዳናው» ሲል ከቦታው ስም ፊት «የ»ን፣ ከኋላው «ው»ን አድርጎ የሰውየውን የልደት ስም ከነጭራሹ ይተወዋል። ሰው በቦታው ውስጥ ይገባል፤ ደጋው ሰው ይሆናል። ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ ስለ 19ኛው መቶ ዓመት የወሎ እስልምና በጻፉትና በ2001 በታተመው ጥናታቸው እያንዳንዱን ሸኽ ከስፍራው ጋር አያይዘው ማቅረባቸው ለታሪክ ተመራማሪ የመረጃ ጉዳይ ነው፤ ለሥነ ጽሑፍ ሐያሲ ግን ቁልፍ ነው።

በዐጀም የተጻፉትን የእነዚህን ሊቃውንት መንዙማዎች የተራራ ገለጻ ፈልጎ የሚያነብ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። አንዳንዶች ይህን የጥበብ ማነስ ያደርጉታል። አይደለም። እነዚህ ሰዎች ነሕውና በላጋ ያስተማሩ፣ የዐረብኛን ግጥም ከነወስፉ የሚያውቁ ነበሩ። መግለጽ ሲፈልጉ ይገልጻሉ፤ የሚገልጹት ግን መዲናን ነው። የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ከተማ፣ መስጊዱን፣ ረውዳውን፣ ብርሃኑን። ከእነርሱ መካከል መዲናን በዓይናቸው ያላዩ ነበሩ። በየቀኑ የሚያዩት፣ በልጅነታቸው ከብት የጠበቁበት፣ ደረሳ ያስተማሩበት፣ በዝናብ እጦት ጊዜ ዱዓ ያደረጉበት ደጋ ግን በስም ብቻ ይገባል፤ ዱዓ የሚያደርገው ሰው የቆመበት ምድር ሆኖ። ያልታየው ይገለጻል፣ የታየው ይጠራል። ዑመሪ ካይሮ ላይ ሆኖ ኢፋትን ገለጸ፤ የወሎው ሸኽ ወሎ ላይ ሆኖ መዲናን ገለጸ፤ ቢላል ደግሞ መዲና ላይ ሆኖ የሚያውቃትን መካን በስሟ፣ በሣሯ፣ በውሃዋ ጠራ። ሦስቱን አንድ ላይ ያላነበበ ሐያሲ የወሎውን ዝምታ ይንቀዋል።

ዝምታው የታሪክም ምክንያት አለው። ከ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም እምነቱን እንዲለውጥ በተገደደበት ዘመን ደጋው መሸሸጊያና መመከቻ ሆነ። ሸኽ ጦልሐ ጃዕፈር የዚያ ዘመን ሰው ናቸው፤ በአማርኛ ዐጀም መንዙማ የጻፉ፣ በተቃውሞም የተነሡ። እንዲህ ባለ ዘመን የቦታ ስም ማንሣት ቀላል ነገር አይደለም። «እዚህ ነበርን» ማለት ነው። የተራራውን ጭጋግ ለመግለጽ ሰላም ያለው አንባቢ ያስፈልጋል፤ ስሙን ለመጥራት ግን የሚሰማ አንድ ወገን ይበቃል።

መምህራንና ኢማሞች የሆንን ሰዎች በዚህ ላይ ድርሻ አለን፤ ጉድለታችንም ግልጽ ነው። መንዙማ ስናስተምር የዐረብኛውን ቃል ሁሉ እንተረጉማለን፤ «ሸፋዓ» ምን እንደሆነ፣ «ሐድራ» ምን እንደሆነ እናብራራለን። የቦታ ስም ላይ ስንደርስ ግን «የአገር ስም ነው» ብለን እናልፋለን። ከዚህም የሚብሰው፣ ስሙ ለከተማ ልጅ አይገባውም ተብሎ በአጠቃላይ የውዳሴ ቃል ሲተካ ነው። ሲተካ ዜማው አይሰበርም፤ ግጥሙ ግን አገሩን ያጣል። በምትኩ ለልጁ የምንሰጠው «ዐረቦች አደነቁን» የሚለውን ካልተጻፈ መጽሐፍ የተወሰደ ምስክርነት ነው። የአያቱን ደጋ ዋጋ ከሩቅ ታዛቢ አፍ እንዲሰማ እናስተምረዋለን፤ የገዛ ሊቃውንቱ ስሙን እንደ ልብስ ለብሰውት ሳለ።

ስም ያለ ማስታወሻ ምን እንደሚሆን የቢላል ስንኞች ራሳቸው ያሳያሉ። ሻመህና ጦፊል ምንድን ናቸው? ሐዲሱን ያብራሩ ብዙዎች በመካ አቅራቢያ ያሉ ሁለት ተራሮች ናቸው ብለዋል። በ388 ዓ.ሂ. ያረፈው ታላቁ የሐዲስ ሊቅ አል-ኸጣቢ ግን እርሱም ተራሮች ይመስሉት እንደነበር፣ በኋላ ሁለት ምንጮች መሆናቸው እንደተረጋገጠለት ጽፏል፤ ኢብን ሐጀርም ልዩነቱን በ«ፈትሑል ባሪ» አስፍሮታል። ቢላል በትኩሳት ውስጥ ሆኖ የጠራቸው፣ እርሱ በዓይነ ሕሊናው ጥርት አድርጎ ያያቸው ሁለት ቦታዎች አራት መቶ ዓመት ሳይሞላ ተራራ ይሁኑ ውሃ ለሊቃውንት አጠራጣሪ ሆኑ። ይህም የሆነው በመካ ነው፤ በየዓመቱ ሐጃጅ በሚጎርፍባት፣ እያንዳንዱ ኮረብታዋ በተጻፈላት ከተማ።

የእኛዎቹ ስሞች እንዲህ ያለ ጠባቂ የላቸውም። «ጀማ» የሚለው ቃል በወሎ አነጋገር ለዱዓና ለዚክር የተሰበሰበውን ጉባኤ፣ ከዐረብኛው «ጀማዓህ» የመጣውን ያመለክታል፤ በሰሜን ሸዋ ደግሞ ወደ ዓባይ የሚገባ ታላቅ ወንዝ ስም ነው። በመንዙማ ውስጥ ጀማ ሲጠራ አንዱ አንባቢ ጉባኤውን፣ አንዱ የሸኽ ሙሐመድ ሻፊን ስፍራ፣ አንዱ ወንዙን ሊያስብ ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዛሬም በየመስጊዱ አሉ፤ ከመጽሐፉ ኅዳግ ላይ «ይህ እንዲህ ያለ ስፍራ ነው፣ በዚህ በኩል ይወጣል፣ እገሌ የተቀበሩበት ነው» ብሎ አንድ መስመር የሚጽፍላቸው ደረሳ ነው የጠፋው።